ለሲኞሩ የተቀመጥነው ለቅሶ

በአገራችን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ይወለዳል፤ መጀመሪያ ሲሠራ፣ ቀጥሎ ሪባኑ ሲቆረጥ። በሁለቱ ልደቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን እንደሚባል ግን እስካሁን የነገረኝ ሰው የለም። ቦኖው ተተክሎ፣ ቧንቧው ተቀጥሎ፣ ውሃው እስከ አፉ ደርሶ፣ ሴቶቹ ጀሪካናቸውን አዝለው ወንዝ ሲወርዱ አይታችሁ አታውቁም? ብትጠይቋቸው «ገና አልተመረቀም» ይሏችኋል፤ ሳይመረቅ የተጠጣ ውሃ ሆድ የሚቆርጥ ይመስል። ድልድዩ ከላይ አምሮበት ቆሞ ሰው ከሥሩ ጎርፉን ሲሻገር ያየሁበት አገርም አለ። ስሙን አልጠራም፤ ዘመድ አለኝ።

በዚህ መሳቅ ያምረኛል። ነገር ግን እኔም ራሴ አንድ ያልተመረቀ ነገር ከሚጠብቁት ሰዎች አንዱ ነበርኩና ሳቄን እቆጥባለሁ።

ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ ሚኒባሱ ሐይቅ ከተማ የሚቆመው ለዓሣ ጥብስ ነው እንጂ ለታሪክ አይደለም። ወርዳችሁ ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ ወደ ውሃው ብትዘልቁ ግን አንዲት ጉብታ ላይ የጣሊያኑን ቤት ታገኙታላችሁ። ግንቡ ጥርብ ድንጋይ፣ በረንዳው ባለ ቅስት፣ መስኮቱ ባለ አረንጓዴ መዝጊያ፣ ክዳኑ ቀይ ሸክላ ነው። ያሠራው ሰው ስሙ ጠፍቷል፤ አገሩ የሚያውቀው «ሲኞሩ» እያለ ነው። በወረራው ዘመን መጣ፣ ሠራ፣ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ያልሆነው የለም፤ ፍርድ ቤት ሆኗል፣ የእህል መጋዘን ሆኗል፣ በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር መሰብሰቢያ ሆኗል። መጨረሻ ላይ ፍየሎች ያዙት። እውነቱን ለመናገር ከነዋሪዎቹ ሁሉ ጨዋዎቹ እነሱ ነበሩ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን፣ ታስታውሱ እንደሆነ፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ማደስ አማረው። አንዱ ትዳሩን አደሰ፣ አንዱ መታወቂያውን፣ እኛ ደግሞ የጣሊያኑን ቤት። ቤተ መጻሕፍትና የሕዝብ መሰብሰቢያ ይሁን ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀመንበሩ አብሮ አደጌ ጌታቸው ሰይድ ሆነ። (ስሙና ያባቱ ስም አልገጥም ካላችሁ ወሎን አታውቁም ማለት ነው፤ እኛ ዘንድ አባት መስጊድ ልጅ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ማታ በአንድ ጣራ ሥር ያድራሉ።) እኔም ኮሚቴ ገባሁ። በእውቀቴ እንዳይመስላችሁ፤ በከተማው ውስጥ ወረቀት የማይበላ ፎቶኮፒ ማሽን ያለው እኔ ሱቅ ብቻ ስለነበረ ነው።

ከአዲስ አበባ የመጣው የቅርስ ባለሙያ ሲሚንቶ በአጠገቡ አይለፍ አለ። ኖራ ብቻ። ከተማው ሳቀበት፤ «ሲሚንቶ ሲወደድ ጊዜ ኖራ ቅርስ ሆነ» ተባለ። ጌታቸው ግን ከልቡ ያመነ ሰው ነው። ኖራው ሲቦካ፣ ግድግዳው ሲለሰን፣ ከግንበኞቹ ጀርባ እንደ አማት ቆሞ ነው የከረመው። ትልቁ ጣጣ ክዳኑ ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ባለቤት ከሌለው ጣራም ሸክላ ይወርዳል። የሲኞሩ ሸክላ በየቤቱ ተበትኖ የእንስራ መክደኛ፣ የአበባ መደብ ጠርዝ፣ የዶሮ ውሃ መጠጫ ሆኗል። «የቅርስ ንብረት ይመለስ» የሚል ማስታወቂያ አወጣን፤ አባዝቼ ለጠፍኩት። ማንም አልመጣም። በድምፅ ማጉያ ለፈፍን። አንድ ሰው መጣ፤ ሸክላው የተሰበረ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቅሬው ሄድን። ቅሬ ማለት፣ ለማታውቁት፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ ማለትም የሚቀብራችሁ። እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቀብራል፣ ያስተዛዝናል፣ ያጠፋ ይቀጣል። እኛ አገር መንግሥትን የማይፈራ ሰው ይገኛል፤ ቅሬን የማይፈራ ግን አልተወለደም። መንግሥት ቢበዛ ያስርሃል። ቅሬ ግን በሞትህ ቀን ብቻህን ይተውሃል። የቅሬው ዳኛ አባ ይማም ነገራችንን ሰምተው አንድ ቃል ተናገሩ፤ «ክዳኑን ያልመለሰ ቤት ለቅሶ አንደርስም።» በማግሥቱ ግቢው በሸክላ ተሞላ። ጣራው ከሚፈልገው በላይ ሆነ፤ ትርፉ ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም።

ቤቱ አለቀ። ሲያምር! እኔ እንኳ፣ ለድንጋይ ስሜት የሌለኝ ሰው፣ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ ያንን ቀይ ክዳን ስትነካው ሱቄን ቀደም ብዬ ዘግቼ ላየው እወጣ ነበር። መደርደሪያ ገባ፣ መጻሕፍት ተለመኑና መጡ፣ አግዳሚ ወንበር ተሠራ። ከዚያ ጌታቸው በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተው፤ መራቂው ክቡር እንግዳ እስኪመጡ። እንግዳው መጀመሪያ በወረርሽኙ ቀሩ። ቀጥሎ በምርጫው ቀሩ። ከዚያ ጦርነቱ መጣና «መንገዱ ሲከፈት ይመጣሉ» ተባለ። በሩ ላይ «እስኪመረቅ ድረስ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ለጠፍን፤ ዝናብ ሲያርሰው እንደገና እያባዛሁ እሰጣለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ክረምቱ ሲገባ ጦርነቱ ከበላያችን ያለውን አገር እያራገፈ ይልክልን ጀመር። ከቆቦ መጡ፣ ከወልዲያ መጡ። ትምህርት ቤቱ ሞላ፣ የመስጊዱ አዳራሽና የቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ቤት ሞላ። ሰው ደጁን ከፈተ፤ እኔ ቤት ሁለት ቤተሰብ ገብቶ እኔና ባለቤቴ ጓዳ ተዛወርን። ሱቄ በረንዳ ላይ ደግሞ ዘሀራ የምትባል ከቆቦ ወዲህ ያለች የገጠር ሴት አረፈች። ወሯ ገብቷል። ባሏ ከብቶቹን ላምጣ ብሎ ከመንገድ ተመልሶ እንደወጣ ቀርቷል፤ ወሬውም የለም። ዝናቡ ከጎን ሲመታ በረንዳ ምን ይከልላል? ሱቁን ልክፈትላት ብል በማሽኑና በመደርደሪያው መካከል ያለው ቦታ ለመቀመጥ እንጂ ለመጋደም አይበቃም፤ ለመውለድማ አይወራም። ጠዋት ጠዋት የረጠበ ነጠላዋን እየጨመቀች «አብሽር ጋሼ፣ አላህ ያውቃል» ትለኛለች። አጽናኝ መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ጌታቸው ዘንድ ሄድኩ።

«ያቺ ሴት በረንዳ ላይ ልትወልድ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። እኔስ ሰው አይደለሁም እንዴ? ግን ዛሬ እሷን ባስገባ ነገ አገር ምድሩ ይገባል። እሳት ያነዳሉ። ያ ሁሉ ኖራ ይጠቁራል። እንግዳው ሲመጡ ምን ላሳያቸው ነው?»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«መንገዱ ሲከፈት።»

ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ። የራሱ ሳሎን እስከ በሩ በተፈናቃይ ተሞልቶ፣ እሱ፣ ሚስቱና አሮጊት እናቱ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚያድሩት። እንዲህ ያለ ሰው ባዶውን ቤት እንዴት ቆልፎ ይይዛል ብላችሁ ትገረሙ ይሆናል። እኔ አልተገረምኩም። የራስን ቤት መስጠት ቀላል ነው፣ ጠያቂ የለውም። የሕዝብን ቤት ለሕዝብ መስጠት ግን ከበላይ ፈቃድ ይፈልጋል።

ይህን ለአባ ይማም አጫወትኳቸው። መቁጠሪያቸውን እየገፉ «እስቲ ከጁምዓ መልስ» ብቻ አሉ። ዓርብ ከሶላት በኋላ ቅሬው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ፤ ክርስቲያኑም መጣ፣ የቅሬ ስብሰባ አይቀርምና።

«ያ ጀመዓ» አሉ አባ ይማም፣ «ያልደረስነው አንድ ለቅሶ አለብን።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ለቅሶ መቅረት እኛ ዘንድ የሚያስቀጣ ነገር ነው።

«የማን ለቅሶ?»

«የሲኞሩ።»

መጀመሪያ ሳቅ፣ ቀጥሎ ቁጣ ሆነ። አንድ ሽማግሌ በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። «ኧረ ተው አባ ይማም! ጠላት እኮ ነው! የአባቴን በቅሎ ከነኮርቻዋ የነዳ ሰው ነው!»

«የበቅሎዋን ነገር በወዲያኛው ዓለም ተሟገተው፣ አልከለክልህም» አሉ አባ ይማም። «እኛ ግን የሰውየውን ክዳን አውርደን ስንት ዘመን እንስራ ከድነንበታል። የሟች ንብረት ተካፍሎ ለቅሶ መቅረት በየትኛው ሃይማኖት ነው የሚፈቀደው? በእስልምና ነው? በክርስትና ነው? ንገሩኝ።»

ቀደም ብሎ ሸክላ ተሸክሞ የመለሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል።

«መሞቱንስ በምን አወቅን?» አለ አንዱ ከኋላ።

«ካልሞተ ይምጣና ይክሰሰን። በሉ እንግዲህ፣ ለቅሶ የሚቀመጡት በሟች ቤት ነው፤ የሰው ደጅ ይዘን አናለቅስም። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛም እዚያው ነው የሚያድር። ደንባችን ነው፣ እኔ አላመጣሁትም።»

ያን ጊዜ ነገሩ ገባን። ሽማግሌው ሳይቀሩ ተመልሰው ተቀመጡ።

በማግሥቱ ጠዋት ለፋፊው ከተማውን ዞረ፤ የጣሊያኑ ቤት ባለቤት አርፏል፣ ለቅሶው በቤቱ ነው፣ የቀረ ይቀጣል። ጌታቸው ሱቄ ድረስ እየሮጠ መጣ። «ሰማህ?» አለኝ። ሰማሁ አልኩት። «እብደት ነው!» አለ። ነው አልኩት። «ቁልፉን ብከለክልስ፣ ምን ያመጣሉ?» አለ። መልሱን እሱም አላጣውም። እናቱ አርጅተዋል፤ ክረምቱ ከገባ ወዲህ ደግሞ ሳል ይዟቸዋል። ዝናቡን እያየ እጁን ወደ ኮቱ የውስጥ ኪስ ሰደደ።

ቤቱ ተከፈተ። የቅሬው ሰሌን ተነጠፈ፣ የቅሬው ድስት ተጣደ፣ ንፍሮ ተቀቀለ። በየበረንዳው የነበረው ሁሉ ከሩቅ እንደመጣ ለቀስተኛ በክብር እየገባ ተቀመጠ፤ ዘሀራ ሲኞሩ ግድግዳው ውስጥ ካሠራው ምድጃ አጠገብ ጥግ ተሰጣት። ችግሩ ማልቀሱ ላይ ነበር። ለማታውቁት ሰው፣ ያውም ለጠላት፣ እንባ ከየት ይመጣል? ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። አንዳንዱ ሳቁን ሊደብቅ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል። እንዲህ እንዳለን ከወልዲያ የመጡ አንዲት ባልቴት፣ ከመጡበት ቀን አንስቶ ቃል ሲተነፍሱ ያልሰማናቸው፣ ቀስ ብለው ሙሾ አወረዱ።

«ቤትህ ቤቴ ሆነ፣ የማላውቅህ ሰው፣
የኔን ቤትስ ዛሬ ማን ይሆን የያዘው?»

ከዚያ በኋላ ማንም ማንንም መቀስቀስ አላስፈለገውም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አንዱ ልጁን፣ አንዷ ባሏን፣ አንዱ አዝመራውን፣ ሁሉም በሲኞሩ እያሳበበ የራሱን አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ ለማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጌታቸው በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲኞሩ እንዲህ የሚያለቅስለት ወገን በራሱ አገር ማግኘቱን እጠራጠራለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጌታቸው በጠዋት ተገኘ፤ ሰልስቱ ካለፈ ለቅሶ ይነሣል፣ ሰሌኑም ይጠቀለላል። ቁልፉን በእጁ ይዞታል።

«እንግዲህ አባ ይማም፣ ዛሬ እናነሣ ይሆን?»

«አይ ልጄ፣ የሟች ዘመድ ሳይደርስ እንዴት ይነሣል?»

«ዘመዱ የት ነው ያለው?»

«ሮማ ነዋ።»

«መቼ ይመጣል?»

«መንገዱ ሲከፈት» አሉት፤ ፊታቸው ላይ አንዲት ፈገግታ እንኳ አልነበረችም። ጌታቸው ቁልፉን ኪሱ መልሶ ከተተ።

ለቅሶው ሰነበተ። ከዕለታት አንድ ቀን ማለዳ ወንዶቹ ሁላችን ከቤት ተባረን በረንዳው ላይ በብርድ ተኮራምተን ቆምን። ውስጥ ሴቶቹ «አይዞሽ፣ በርቺ» ይላሉ። ዝናቡ ሐይቁን ደብድቦ ደብድቦ ወዲያ ማዶው ጠፍቷል። ዘሀራ ጩኸቷን ዋጥ ታደርገዋለች፤ ለቅሶ ቤት ነው ብላ አፍራ ይሁን አላውቅም። ከዚያ የሕፃን ድምፅ፣ ተከትሎም ያንን ሁሉ ክዳን የሚያነሣ እልልታ! እርግጥ ነው ለቅሶ ቤት እልል አይባልም። ሴቶቹም ያስታወሱት ከጨረሱ በኋላ ነው።

ጌታቸው ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ ያየሁት ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ለቅሶ ቤት እልልታ ተሰማ!» አለ እያለከለከ። «ምንድን ነው ነገሩ?»

«ዘመዱ መጣ» አሉ አባ ይማም። «አልሐምዱሊላህ፣ ሴት ናት።»

ጌታቸው ሞኝ አይደለም። አንድ አፍታ አሰበና ፊቱ በራ። «እንግዲያው ዘመድ ከደረሰ ለቅሶው ተነሥቷል። ለቅሶው ከተነሣ ቤቱ ይለቀቃላ!»

«ለቅሶውማ ተነሥቷል» አሉ አባ ይማም። «አራስ ግን አትነሣም። ወይ ግባና አንተ አስነሣት።»

አራስ ያለችበት ቤት በር ላይ ቆሞ «ውጪ» የሚል ወንድ ቆቦም የለም፣ ሐይቅም የለም። ጌታቸው ጃንጥላውን አጥፎ ከእኛ ጋር በረንዳው ላይ ቆመ። ከሰዓት በኋላ በጋሪ ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት አስጭኖ መጣ፤ ከሚስቱ ጓዳ ደግሞ ቅቤና የገንፎ ዱቄት። ምንም ሳንጠይቀው «ባለሙያው የሲኞሩ ምድጃ ጭስ ማውጫ መሞከር አለበት ብሎ ነበር» አለን። ሞከርነው፤ ጥሩ ይስባል። ግድግዳው ትንሽ ጠቆረ፣ ጌታቸውም እያየ እንጨት ጨመረ። ሕፃኗ ፋጡማ ተባለች። ከተማው ግን «የጣሊያኑ ዘመድ» ነው የሚላት።

ቤቱ በኋላ ምን ሆነ እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ዛሬ ልጆች ያነቡበታል። የመረቀው የለም፤ የዚያን ክረምት ከተከፈተ ወዲያ እንደገና የቆለፈው ሰው ስላልነበረ ብቻ ክፍት ሆኖ ቀረ። ስንሸሽም አልቆለፍነውም።

አዎ፣ እኛም ሸሸን። አዝመራው ደርሶ ሊታጨድ ሲል ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። ዘሀራ መሸሽን ከኛ ቀድማ የተማረች ናትና ቀድማ ወጣች፤ ልጇን አዝላ አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፈረች። እኛ «እኛ ጋ አይደርስም» እያልን ቆይተን ባዶ እጃችንን ወጣን፤ እኔና ባለቤቴ፣ ጌታቸውና ሚስቱ፣ እናቱንም ይዘን። በእግርም በመኪናም ብለን ኮምቦልቻ ደረስን። ተፈናቃይ የሚያርፍበት አንድ የግል መጋዘን አለ ብለው ጠቆሙን፤ ሄድን። የቆርቆሮ በር ነው፣ በሩ ላይ ዘበኛ፣ ዘበኛው ላይ ካፖርት።

«ሞልቷል» አለ ዘበኛው። «ውስጥ ዘመድ ያለው ብቻ ነው የሚገባው።»

የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ። የጌታቸው እናት ጨርቃቸው ላይ ተቀምጠው ያስላሉ። ጌታቸው የኮሚቴ ሊቀመንበር መሆኑን ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው፤ ዘበኛውን ይለማመጥ ጀመር። ልምምጥ የማያውቅ ሰው ሲለማመጥ ማየት ከብርዱ ይብሳል፤ እኔ ፊቴን አዞርኩ።

«እኒያ የኔ ናቸው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ዘሀራ ናት፣ ፋጡማን አዝላ ሰው እየገፋች። «ወላሂ ዘመዶቼ ናቸው! አስገባልኝ የኔ ጌታ፣ እኔ ቦታ ላይ ይተኛሉ።»

ዘበኛው እሷን አየ፣ እኛን አየ። ስማችንን ጠየቀ፤ ጌታቸው የራሱን፣ እናቱ የክርስትና ስማቸውን፣ እኔም የኔን ነገርነው። ቢደምረው አልመጣ አለው መሰለኝ ወደ ጌታቸው ዞረ።

«በማን በኩል ነው የምትዛመዱት?»

ጌታቸው እናቱን ከተቀመጡበት እየደገፈ አነሣቸው። ዘሀራን አያት፣ ጀርባዋ ላይ የተኛችውን ልጅ አያት።

«በጣሊያን በኩል» አለ።

በዚያ ሰሞን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም መሰለኝ፣ ዘበኛው በሩን ገፋ አድርጎ ከፈተልን።